ስለ ላቦራቶሪ የጢስ መሳቢያ አሠራርና ስለ ኤሌክትሪክ ወጪው

ወደ ውጭ አገር የሚላክ ቡናም ሆነ ሰሊጥ፣ ባቄላም ሆነ ቅመማ ቅመም፣ ዛሬ በዐይን ታይቶና በእጅ ታሽቶ ብቻ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ገዢው ከሻጩ የቃል ማረጋገጫ ይልቅ በላቦራቶሪ ተመርምሮ በቍጥር የተጻፈውን ወረቀት ያምናል። የዚህ ወረቀት ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዓመት ወደ ጃፓን በተላከ የኢትዮጵያ ቡና ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ከተፈቀደው መጠን በላይ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከጃፓን ጋራ የነበረው የቡና ንግድ ክፉኛ ተሰናከለ። ጥርጣሬውም ያረፈው ከቡናው ይልቅ ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ከመርከብ በፊት በአገር ውስጥ ለማወቅ የሚቻለው የሚያስተማምን ላቦራቶሪ ሲኖር ብቻ ነው።

ላቦራቶሪ ለማቋቋም በሚታሰብበት ጊዜ ስለ መመርመሪያ መሣሪያዎቹ ብዙ ይነገራል፤ ዋጋቸው ከፍ ያለ ስለ ሆነ መነገሩም ተገቢ ነው። ስለ ጢስ መሳቢያው ግን የሚነጋገር ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻ፣ ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋራ ተደምሮ ነው። ነገር ግን የኬሚስቱን ጤና የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ በላቦራቶሪው ውስጥ ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ ከሚበሉት ዕቃዎች አንዱም እርሱ ነው። ላኪው፣ ዕቃውን የሚያስመጣው ነጋዴ፣ ቱቦና ሞተር የሚሸጠው ባለሱቅ ሁሉ በየበኩላቸው ከዚህ ጉዳይ ጋራ የሚገናኙ ስለ ሆነ፣ አሠራሩን በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

በመጀመሪያ የሚወገደው ነገር ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የታተመውና በብዙ አገር የተለመደው «ካቸርስ» የተባለው የፀረ ተባይ ቅሪት መመርመሪያ ዘዴ፣ 10 ግራም ያህል ናሙና ከ10 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል ጋራ በመናጥ ይጀምራል። አሴቶናይትራይል ውሃ የመሰለ፣ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ነው። ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሳያናይድ ስለሚለወጥ፣ ጕዳቱ ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ሊታይ ይችላል። በአሜሪካ የሚገኘው የኢንዱስትሪ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ለአንድ የሥራ ቀን የሚመክረው ወሰን፣ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 20 እጅ ብቻ ነው። አንድ ናሙና ሲመረመር የሚተነው ጥቂት ቢሆንም፣ በቀን ሃምሳና መቶ ናሙና የሚያልፍበት ቤት ሌላ ነገር ነው። ወርቅ በሚፈተንበት ላቦራቶሪ ደግሞ ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈላሉ። ከእነርሱ የሚወጣው ቡናማ ጢስ ቢያንስ ይታያል፤ ጉሮሮንም ስለሚከረክር ሰው ይሸሸዋል። የማይታየውና ሽታው ለስለስ ያለው ትነት ግን የሚያስሸሽ ነገር የለውም።

«መስኮት ከተከፈተ ይበቃል» የሚሉ አሉ። አይበቃም። በመስኮት የሚገባው ነፋስ ትነቱን ከአንዱ ጠረጴዛ አንሥቶ በሌላው ሠራተኛ ፊት ላይ ሊያራግፈው ይችላል። የማድቤት ጢስ ትኩስ ስለ ሆነ በራሱ ወደ ላይ ወጥቶ በጣሪያው ቀዳዳ ይሄዳል፤ የአሴቶናይትራይል ትነት ግን ቀዝቃዛና ከአየር የከበደ ስለ ሆነ በጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ በተወለደበት ስፍራ ተይዞ በኀይል መሳብ አለበት።

ሣጥኑና አየሩ

በእንግሊዝኛ «ፊዩም ሁድ» የሚባለው፣ በዚህ ጽሑፍ የጢስ መሳቢያ ሣጥን የተባለው ዕቃ፣ ፊቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስተዋት ያለው ቁም ሣጥን የመሰለ ነገር ነው። ኬሚስቱ እጁን ብቻ ወደ ውስጥ አስገብቶ ይሠራል፤ ፊቱ ከመስተዋቱ በስተውጭ ይቀራል። ከሣጥኑ ራስ የተያያዘው ቱቦ ወደ ጣሪያ ወጥቶ በማራገቢያ ሲሳብ፣ የክፍሉ አየር በመስተዋቱ ሥር ባለው ክፍት በኩል እየገባ ትነቱን ይዞ ይሄዳል።

ሣጥኑ ብቻውን ምንም አያደርግም። ፍሪጅ ከነሞተሩ ተሠርቶ ይመጣል፤ ገመዱ ከተሰካ ሥራውን ይጀምራል። የጢስ መሳቢያ ሣጥን ግን በእንጨት ታሽጎ ሲደርስ ምንም እንኳ የተሟላ ዕቃ ቢመስል፣ ብዙውን ጊዜ ማራገቢያው፣ ቱቦው፣ የጣሪያው ጢስ ማውጫና ምትክ አየር የሚገባበት መንገድ ገና አልተገዙም። ሣጥኑን ብቻ አምጥቶ ግድግዳ ሥር ማቆም ባዶ ቁም ሣጥን ከማቆም አይሻልም። እንዲያውም ይከፋል፤ ሠራተኛው የተጠበቀ መስሎት መርዙን በውስጡ በድፍረት ይከፍታልና።

መልካቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሌሎች ዕቃዎች በዚህ ስም እንዳይሸጡም መጠንቀቅ ያሻል። «ላሚናር ፍሎው» የተባለው ጠረጴዛ የተጣራ አየር ከውስጥ ወደ ሠራተኛው ፊት የሚነፋ ነው፤ የሚጠብቀው ናሙናውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። በእርሱ ላይ ኬሚካል ቢከፈት ትነቱ በቀጥታ ወደ አፍንጫ ይሄዳል። ለጀርም ሥራ የሚውለው «ባዮሴፍቲ ካቢኔት» ደግሞ ማጣሪያው ተሕዋስያንንና አቧራን ይይዛል እንጂ ትነትን አያስቀርም። ቱቦ የማያስፈልገው፣ በከሰል ማጣሪያ የሚሠራ ሌላ ዐይነትም አለ። ይህኛው ለታወቁ ጥቂት ኬሚካሎች በጥቂት መጠን ያገለግላል፤ ነገር ግን ከሰሉ ሲሞላ የያዘውን መልሶ ይለቃል፤ ስለዚህ ማጣሪያው በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ እየተገዛ መለወጥ አለበት። ለቱቦ የሚወጣውን ገንዘብ ለማዳን ይህን የሚመርጥ ሰው የማጣሪያውን የአምስት ዓመት ዋጋ አስቀድሞ ቢደምር መልካም ነው።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። አየሩ በመስተዋቱ ሥር ሲገባ የሚኖረው ፍጥነት በተለምዶ በሴኮንድ ከ0.4 እስከ 0.6 ሜትር ነው። ከዚህ ካነሰ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ የሚፈጥረው ነፋስ ትነቱን ወደ ውጭ ሊያወጣው ይችላል። ከዚህ ሲበዛስ? ብዙ ሰዎች «ይበልጥ ሲስብ ይበልጥ ያድናል» ብለው ያስባሉ፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በኀይል የሚገባው አየር በቆመው ሠራተኛ አካል ላይ ተከፍሎ ሲያልፍ ከደረቱ ፊት ይዞራል፤ ወራጅ ውሃ ከድንጋይ በስተኋላ እንደሚሽከረከር ማለት ነው። ያ ሽክርክሪት ትነቱን ከሣጥኑ ስቦ ወደ ፊቱ ያመጣዋል። እንግዲህ ከልክ በላይ የሚስብ ማራገቢያ የገዛ ሰው ኤሌክትሪኩንም ደኅንነቱንም ባንድነት ያባክናል።

የሣጥኑ ክፍት ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ከፍታው ግማሽ ሜትር ቢሆንና አየሩ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ቢጓዝ፣ በሰዓት 1,350 ሜትር ኩብ አየር ይወጣል። ይህ በአዲስ አበባ አየር ሲመዘን 12 ኩንታል ያህል ነው። አንድ ሣጥን በየሰዓቱ 12 ኩንታል አየር ከቤት ያወጣል ማለት ነው። ክፍሉ 6 በ5 ሜትር፣ ከፍታውም 3 ሜትር ቢሆን፣ በውስጡ ያለው አየር በየአራት ደቂቃው ተለውጦ ያልቃል።

ይህ ሁሉ አየር ከየት ይመጣል? አናጢው በርና መስኮቱን ጥሩ አድርጎ ካጠበቀው ከየትም አይመጣም። በሩ ሲከፈት ይከብዳል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ሣጥኑ ግን አይስብም። ስለዚህ ምትክ አየር የሚገባበት መስመር በፕላኑ ላይ አብሮ መሠራት አለበት። የሚገባውም አየር በሣጥኑ አፍ ላይ በቀጥታ የሚነፍስ መሆን የለበትም፤ በዚያ ዙሪያ ያለው የነፋስ ፍጥነት ሣጥኑ ከሚስብበት ፍጥነት እኩሌታ በታች፣ ቢቻል ከሢሶው በታች እንዲሆን ባለሙያዎች ይመክራሉ። በርና መስኮት አጠገብ ወይም ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ሣጥን ማቆም ትክክል የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ተራምዶ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሴኮንድ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ ይኸውም ከሣጥኑ የመሳብ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ነው።

የከፍታው ነገር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ዳርቻ ከሚመዝነው ሦስት አራተኛውን ብቻ፣ ወይም 0.9 ኪሎ ያህል ነው። ከውጭ የሚመጣው የማራገቢያ ካታሎግ ግን የተጻፈው ሜትር ኩቡ 1.2 ኪሎ ለሚመዝን የባሕር ዳር አየር ነው። ትእዛዝ ሲሰጥ ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው ከዚህ ላይ ነው።

ማራገቢያ የሚቈጥረው በሜትር ኩብ እንጂ በኪሎ አይደለም፤ በአንድ ዙር የሚያወጣው የአየር መጠን በደጋም በቆላም አንድ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው፤ በአዲስ አበባ የሚሰጠው ግፊት ካታሎጉ ከሚለው ሦስት አራተኛው ብቻ ይሆናል። መልካም አጋጣሚ ሆኖ ስሱ አየር በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው መከላከልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ መሐንዲሱ የቱቦውን ሒሳብ በባሕር ዳር አየር ሠርቶ፣ ነጋዴውም ማራገቢያውን ከባሕር ዳሩ ካታሎግ ቢመርጥ ሁለቱ ይጣጣማሉ። አደጋው የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። መሐንዲሱ ለአዲስ አበባ አስልቶ «500 ፓስካል ያስፈልጋል» ብሎ ቢጽፍና ነጋዴው ከካታሎጉ 500 የሚለውን ቢያዝዝ፣ ጣሪያ ላይ የሚገኘው ግፊት 375 ብቻ ነው። ማዘዝ የነበረበት 667 የሚለውን ነው። ይህ በፈረሱላ የተመዘነውን በኩንታል እንደ መጻፍ ያለ ነገር ነው፤ ቍጥሩ ትክክል፣ ሚዛኑ ግን ሌላ።

መለኪያ መሣሪያዎቹም በዚሁ ይታለላሉ። የጋለ ሽቦ ያለው የአየር ፍጥነት መለኪያ ለከፍታ ካልተስተካከለ፣ በእውነት 0.5 ሜትር የሚጓዘውን አየር 0.38 ያህል ብሎ ያነበዋል። ይህን ያየ ሰው ሣጥኑ ደካማ ነው ብሎ የማራገቢያውን ፍጥነት ይጨምራል፤ ያልጐደለውን ሞላሁ ሲልም ኤሌክትሪክ ይከፍላል። በትንሽ ዘዋሪ ክንፍ የሚለካው መሣሪያ ግን ትክክለኛውን ፍጥነት ያሳያል።

ስለ ሞተሩም አንድ ነገር አለ። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደንብ መሠረት የሚሠሩ ሞተሮች እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ለሚደርስ ስፍራ የተመደቡ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ስሱ አየር በደንብ አያቀዘቅዛቸውም። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ጥቂት ያካክሳል፤ ቢሆንም የስፍራውን ከፍታ በትእዛዙ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

ቱቦው፣ ማራገቢያውና ጢስ ማውጫው

ማራገቢያው መቀመጥ ያለበት በጣሪያ ላይ፣ ከሕንፃው ውጭ ነው። እዚያ ሲሆን በሕንፃው ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ሁሉ በመሳብ ላይ ስለሚሆን፣ ቱቦው ቢቀደድ እንኳ የክፍሉ አየር ወደ ቱቦው ይገባል እንጂ መርዙ ወደ ክፍል አይወጣም። ለጥገና ይቀላል ተብሎ ማራገቢያው ከሣጥኑ አጠገብ ከተተከለ ግን ከእርሱ በላይ ያለው ቱቦ በግፊት ይሞላል፤ በያንዳንዱ መጋጠሚያም ትነቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ቢሮዎች ይሾልካል።

የቱቦው ውፍረት የባለሱቁና የገዢው የክርክር ስፍራ ነው። ከላይ ለተጠቀሰው አንድ ሣጥን 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቱቦ ይበቃል። ገዢው በዋጋ ምክንያት 20 ሳንቲ ሜትሩን ቢመርጥ፣ የአየሩ መፈተግ ወደ ሦስት እጥፍ ያድጋል። በቱቦው ላይ አንድ ጊዜ የተረፈው ገንዘብ በኤሌክትሪክ ቢል በየወሩ ይመለሳል። ድንገተኛ መታጠፊያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ስል ማዕዘኖች ከረዥም ቀጥ ያለ ቱቦ ይልቅ ግፊት ይበላሉ። ቱቦው የሚሠራበት ነገር እንደ ኬሚካሉ ይለያያል። ለአሲድ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፒቪሲ፣ በቀላሉ ለሚቀጣጠሉ ፈሳሾች ደግሞ የማይዝግ ብረት የተሻለ ነው። ተራ የቆርቆሮ ላሜራ በአሲድ ጢስ ብዙ አይቈይም። ፐርክሎሪክ አሲድ የሚያፈላ ላቦራቶሪ ግን ለብቻው የተለየ ሣጥንና በውሃ የሚታጠብ ቱቦ ሊኖረው ግድ ነው፤ የዚህ አሲድ ደቃቅ በቱቦው ውስጥ ሲከማች ሊፈነዳ ይችላልና።

በጣሪያው ላይ ያለው ጢስ ማውጫ ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ እንዲል፣ አየሩም በሴኮንድ 15 ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ ሰማይ እንዲተኰስ የአሜሪካ የላቦራቶሪ አየር ደንብ ይመክራል። ለአንዱ ሣጥን አየር ይህን ፍጥነት ለማግኘት የማውጫው አፍ ወደ 18 ሳንቲ ሜትር መጥበብ አለበት። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ ባርኔጣ መሰል ቆርቆሮ በአፉ ላይ መድፋት በከተማው የተለመደ ነው፤ ለምድጃ ይሁን፣ ለላቦራቶሪ ግን አይሆንም። ያ ባርኔጣ ትነቱን መልሶ ወደ ጣሪያው ይደፋዋል፤ ከጣሪያውም ምትክ አየር በሚገባበት መስኮት ተመልሶ ይገባል። ማራገቢያው ሲሠራ አየሩ ከዝናቡ ጠብታ ይልቅ ስለሚፈጥን ዝናቡ አይገባም፤ ሲቆም ለሚገባው ጥቂት ውሃ ከሥሩ የማፍሰሻ ቀዳዳ ይበቃዋል።

የኤሌክትሪኩ ሒሳብ

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች፣ በአሜሪካ አንድ የጢስ መሳቢያ ሣጥን በዓመት ከሦስት መኖሪያ ቤቶች የበለጠ ኀይል እንደሚበላ አስልተዋል። ለዚህ ትልቁ ምክንያት ማራገቢያው ብቻ አይደለም፤ በክረምት የሞቀው፣ በበጋ የቀዘቀዘው የቤቱ አየር ተስቦ ወደ ውጭ መጣሉ ነው። በአዲስ አበባ ቤት የማሞቅና የማቀዝቀዝ ወጪ ጥቂት ስለ ሆነ ይህ ሒሳብ እንዳለ አይተረጐምም። በድሬዳዋ፣ በጅቡቲ ወይም በዱባይ ለሚሠራ ላቦራቶሪ ግን በየሰዓቱ የሚወጣው አየር በገንዘብ የቀዘቀዘ አየር ነው።

ለአዲስ አበባው አንድ ሣጥን የማራገቢያው ወጪ እንዲህ ይገመታል። 500 ፓስካል ግፊት ቢያስፈልግና ማራገቢያው ከነሞተሩ ከሚቀበለው ኀይል እኩሌታውን ወደ ሥራ ቢለውጥ፣ 375 ዋት ይበላል። ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት ቢሠራ 3,285 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በዓመት 2,000 ሰዓት ብቻ ቢሠራ 750 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ስድስትና ስምንት ሣጥን ላለው ቤት ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ማታ ማጥፋት የሚቻለው በሣጥኑ ውስጥ ክፍት ዕቃ ወይም የተከማቸ ኬሚካል ከሌለ ብቻ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ሣጥኑን እንደ መጋዘን ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህም ሌሊቱን በሙሉ እንዲስብ ይገደዳሉ። አየር የሚያስወጣ ትንሽ የኬሚካል ማስቀመጫ ቁም ሣጥን ለብቻው መግዛት ይህን ወጪ በእጅጉ ያቀለዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቍጠባ ግን የሚገኘው የአየሩን መጠን በመቀነስ ነው። የማራገቢያ ሕግ እንደሚለው፣ የአየሩ መጠን በአምስት አንድ እጅ ሲቀነስ የሚበላው ኀይል በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ በእኩሌታ ሲቀነስ ደግሞ ወደ ስምንተኛው ይወርዳል። በሥራ ላይ የሚገኘው ቍጠባ ከዚህ ማነሱ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ትልቅ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የሞተሩን ፍጥነት የሚለዋውጥ፣ በገበያ «ኢንቨርተር» የሚባለው መሣሪያ ነው። መስተዋቱ ሲዘጋ አየሩ ይቀንሳል፤ ሲከፈት ይጨምራል፤ በክፍቱ ላይ ያለው ፍጥነት ግን አይለወጥም። ኢንቨርተሩ ተገዝቶ መስተዋቱን የሚዘጋ ሰው ከሌለ ግን ገንዘቡ በከንቱ ወጣ ማለት ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሲል በላቦራቶሪዎቹ መካከል መስተዋት የመዝጋት ውድድር አቋቁሟል። የተዘጋው መስተዋት በውስጥ ያለው ነገር ቢፈነጥቅ ወይም ቢፈነዳ ለሠራተኛው ጋሻ ይሆነዋል።

መስተዋቱም ሆነ አየሩ የማይከላከሉት ነገር መኖሩን ማወቅ ይገባል። በአሜሪካ በዳርትማዝ ኮሌጅ ታዋቂ የነበሩት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን በአውሮፓ አቈጣጠር በነሐሴ 1996 በጢስ መሳቢያ ሣጥን ውስጥ ዳይሜቲል ሜርኩሪ ሲሠሩ ጥቂት ጠብታ በጓንታቸው ላይ ወደቀ። ሣጥኑ ይሠራ ነበር፤ ጓንቱ ግን ለዚያ ኬሚካል የሚሆን አልነበረም፤ መርዙ አልፎት ወደ ቆዳቸው ገባ። በሰኔ 1997 ዐረፉ። ሣጥን የሚሸጥ ነጋዴ ጓንት አብሮ ሲሸጥ፣ ጓንቱ ለየትኛው ኬሚካል እንደሚሆን የሚገልጸውን ሠንጠረዥ ከፋብሪካው ጠይቆ ለገዢው ማስረከብ ይኖርበታል።

የትእዛዝ ወረቀቱ

በጨረታ ወረቀቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው «ፊዩም ሁድ፣ 1.5 ሜትር፣ ብዛት 4» የሚል አንድ መስመር ነው። በዚህ መስመር ላይ ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያቀርበው ሣጥን ብቻ የሚያቀርበው ነው፤ ሙሉውን የሚያቀርበው ሐቀኛ ነጋዴ በዋጋ ተበልጦ ይወድቃል። ስለዚህ ፕሮፎርማ ሲጠየቅም ሆነ ሲሰጥ፣ መስተዋቱ ምን ያህል ተከፍቶ በምን ፍጥነት እንዲስብ እንደሚፈለግ፣ በሰዓት የሚወጣው አየር ስንት ሜትር ኩብ እንደ ሆነ፣ የተጻፈው ግፊት በየትኛው አየር እንደ ተሰላ፣ የስፍራው ከፍታ፣ የቱቦው ዐይነትና ርዝመት፣ ማራገቢያው የሚቀመጥበት ስፍራ በግልጽ መጻፍ አለበት።

የኤሌክትሪኩም ዐይነት አይዘንጋ። የኢትዮጵያ መብራት 220 እና 380 ቮልት፣ በሴኮንድ 50 ዙር ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የ60 ዙር ሞተር በ50 ሲዞር ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል፤ አየሩ 83 በመቶ፣ ግፊቱም 69 በመቶ ብቻ ይሆናል። ሞተሩ ይዞራል፤ ድምፁ ይሰማል፤ ሣጥኑ ግን በደንብ አይስብም። ቮልቱን ብቻ አይቶ ዕቃውን የሚረከብ ሰው ይህን ሳያውቀው ሊቀር ይችላል።

ለሥራው ማረጋገጫ የሚሆነው ፈተና ነው። ቀላሉ ፈተና በሣጥኑ አፍ ላይ ጢስ ለቅቆ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነው። ጥብቁ የአሜሪካው «አሽሬ 110» የተባለው ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ በደቂቃ 4 ሊትር ጋዝ ይለቀቃል፤ በፊቱ በቆመ የሰው ምስል አፍንጫ አጠገብ ምን ያህሉ እንደ ደረሰ ይለካል። በተተከለበት ስፍራ ከአሥር ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ያህል የተለመደው ወሰን ነው። በአውሮፓ «ኢኤን 14175» የተባለው ደንብ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ፋብሪካው የሚልከው የፈተና ወረቀት ሣጥኑ በፋብሪካው ክፍል ውስጥ እንዴት እንደ ሠራ ብቻ ይናገራል፤ የገዢው ክፍል፣ ቱቦና ከፍታ ሌላ ነው። ስለዚህ ፈተናው ከተተከለ በኋላ በስፍራው እንዲደረግና ከዋጋው አንዱ ክፍል ውጤቱ እስኪታይ ድረስ ተይዞ እንዲቈይ በውሉ ላይ ማስገባት ለገዢውም ለሻጩም ይበጃል። ሻጩ ሥራውን በትክክል ከሠራ የሚፈራው ነገር የለም፤ ከተተከለ ከዓመት በኋላ ለሚመጣ ክርክርም ማስረጃ ይኖረዋል።

ማስጠንቀቂያ ደወልም አብሮ ይታዘዝ። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ እሳት ማጥፋት፣ መስተዋቱን መዝጋትና ከክፍሉ መውጣት ያስፈልጋል፤ ደወሉ በራሱ ባትሪ የሚጮኽ ካልሆነ ግን መቆሙን ማንም ላያውቅ ይችላል። ከዚህ የባሰው ማራገቢያው ሳይቆም ሲደክም ነው። በጣሪያ ላይ ያለው ቀበቶ በዓመት ውስጥ ይላላል፤ ሞተሩ እንደ ወትሮው እየጮኸ የማራገቢያው ክንፍ ግን በዝግታ ይዞራል። ለዚህ በብዙ ቤት ቀጭን የወረቀት ክር በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ይሰቅላሉ። ክሩ ወደ ውስጥ ካዘነበለ አየሩ እየገባ ነው። ነገር ግን ክሩ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ እንጂ ምን ያህል እንደ ሆነ አይናገርም፤ በሴኮንድ 0.2 ሜትርም ያዘነብላል፣ በ0.5ም ያዘነብላል። መጠኑን የሚናገረው ደወሉና በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው ልኬት ነው፤ የቀበቶው መለወጫም ከሣጥኑ ጋራ አብሮ ቢታዘዝ በኋላ ለብቻው ከማስመጣት ይረክሳል።